ልጠግናት ወይስ ጨምሬ ልቀይራት? የምታስቸግር መኪና ሒሳብ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «14 ዓመት የሞላት፣ 215,000 ኪሎ ሜትር የሄደች የቤንዚን መኪና አለችኝ፤ ካምቢዮዋ ማንዋል ነው። ባለፉት 14 ወራት ባትሪ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፣ ዲናሞ አሠራሁ፣ ሞተሪኖ ለወጥኩ፣ ከሦስት ወር በፊት ደግሞ የውሃ ፓምፕ ተቀየረ። አሁን ሙቀት ትጨምራለች፣ ውሃም ትጎድላለች። መካኒኬ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይውረድ ብሎ የመኪናዋን ዋጋ አንድ ሦስተኛ ጠየቀኝ። መኪና ሻጩ በበኩሉ እሷን ተቀብሎኝ ጨምሬ ሌላ እንድወስድ ይገፋፋኛል። እስካሁን ያወጣሁትን ሳስብ መሸጡ ያንገበግበኛል። ምን ይሻለኛል?»

ዛሬ ለሁለቱም እሺ አይበሉ። መጀመሪያ የግማሽ ቀን ምርመራ ያስደርጉ። የጠቀሷቸው ስድስት ወጪዎች ስድስት ብልሽት አይመስሉም፤ ሁለት ናቸው ቢባል ይቀላል። አንዱ የኤሌክትሪክ ነው፣ ሌላው የማቀዝቀዣው። መኪናዋ አርጅታ እየፈረሰች ነው ወይስ ሁለት ችግሮች ምንጫቸው ሳይነካ ውጤታቸው ብቻ ሲቀየር ከረመ? ውሳኔው በዚህ መልስ ላይ ይንጠለጠላል። ሻጩም መካኒኩም ይህን አጣርተው አልነገሩዎትም።

ከኤሌክትሪኩ እንጀምር። ባትሪ፣ ዲናሞና ሞተሪኖ በአንድ ዓመት ውስጥ ተራ በተራ ሲወድቁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የማሳ ገመዱ ነው፤ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሻንሲውና ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም ገመድ። ጫፉ ሲዝግ ወይም ቡሎኑ ሲላላ ሞተሪኖው የሚገባውን ቮልት አያገኝም፤ እየጎተተ ይዞራል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ባትሪው ሙሉ ቻርጅ አይደርሰውም፤ ግማሽ ሆኖ የሚከርም ባትሪ ደግሞ ቶሎ ይሞታል። ዲናሞው ያንን ባትሪ ለመሙላት ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበቱ ስለሚሠራ እሱም ይከተላል። ሦስት ዕቃ ተለወጠ፣ ገመዱ ግን እዚያው አለ። የላላ ቺንጋ ወይም የደከመ ቺንጋ ወጣሪም ከዚህ የማይርቅ ጉዳት ያስከትላል።

ይህን ለማጣራት አንድ ቴስተር ይበቃል። መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ ካደረች በኋላ ባትሪው ላይ ይለኩ፤ 12.6 ቮልት ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሹ አልቋል። ሞተር ሲነሳ ቮልቱ ይወርዳል፣ ግን ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ድረስ ካሳየ ዲናሞው ደህና ነው፤ በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ቻርጁን ስለሚቆጣጠር ቁጥሩ ከዚህ ሊለይ ይችላል። ከዚያ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ልኬት ይመጣል። አንዱን የቴስተር ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ያድርጉና ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ሞተሪኖው ሲዞር ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበቡ ገመዱ ወይም መያዣው ቮልት እየበላ ነው። መድኃኒቱም ቡሎኑን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ነው፤ ካልሆነም ገመዱን መቀየር። በመጨረሻ መኪናዋ ተዘግታ ስትቆም ባትሪ የሚመጥ ነገር እንዳለ ይታይ። በሮቹ ተቆልፈው ኮምፒውተሮቿ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁና ይለኩ። ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ከሆነ ፊውዝ እየነቀሉ ምንጩን መፈለግ ይቻላል። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ባትሪ ዋጋ በታች የሚያልቅ ሥራ ነው።

ማቀዝቀዣው ላይ ጉዳዩ ይከብዳል፤ መካኒክዎ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን «ሙቀት ጨመረች» ብቻውን ቴስታታ አያስወርድም። መቼ ነው የምትሞቀው? ቆማ ወይም በተጨናነቀ መንገድ ስትሳብ ሞቃ፣ ስትሮጥ የምትቀዘቅዝ ከሆነ ቬንቲላተሩ፣ ሬሌው ወይም ሴንሰሩ ይጠረጠራል። በተቃራኒው በዳገትና በፍጥነት ላይ የምትሞቅ ከሆነ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የተበላ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል። ችግሩ የጀመረው ፓምፑ ከተቀየረ በኋላ ከሆነ ደግሞ በሲስተሙ ውስጥ አየር ታፍኖ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ የሙቀት መርፌው ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ፣ የውስጥ ማሞቂያውም አንዴ ሙቅ አንዴ ቀዝቃዛ የሚነፍስ ከሆነ ምልክቱ ይህ ነው። የራዲያተር ክዳንም አይናቅ። አብዛኛው ክዳን ከ0.9 እስከ 1.1 ባር ግፊት ይይዛል፤ ግፊቱ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ነው። ስፕሪንጉ ሲደክም ውሃው ቀድሞ ይፈላል፣ ይተፋል፣ ይጎድላል፤ የጓርኒሲዮን ብልሽት ይመስላል። ከመለዋወጫዎች ሁሉ ርካሹ ክዳን ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ይቀይሩ።

ከዚያ የግፊት ሙከራ ይደረግ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በእጅ ፓምፕ ክዳኑ ላይ የተጻፈው ግፊት ድረስ ተሞልቶ ሩብ ሰዓት ይጠበቃል። ከወረደና በውጭ የሚንጠባጠብ ከታየ ቱቦ፣ ራዲያተር ወይም አዲሱ ፓምፕ ራሱ ነው። ከወረደ ግን በውጭ ምንም ካልታየ ውሃው ወደ ውስጥ እየገባ ነው። የጓርኒሲዮኑን ጥርጣሬ ለመቁረጥ የጋዝ ሙከራ አለ፤ ራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ ቱቦ ይቀመጥና ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ከውሃው የሚወጣው አየር በፈሳሹ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። የቃጠሎ ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ውሃው ራሱ ወደ ቱቦው ከተሳበ ሙከራው ስለሚበላሽ አስቀድሞ ትንሽ ውሃ ማጉደል ያስፈልጋል። በዘይት ክዳን ላይ የሚታይ ወተት የመሰለ አረፋ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አጫጭር ጉዞ ብቻ የምትሄድ መኪና ላይ ከእንፋሎት ይመጣል። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ቴስታታው ከመውረዱ በፊት አንድ ነገር ይለመን፤ የኮምፕሬሽን ልኬት፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚፈጥረው ግፊት። ቴስታታው ከወረደ በኋላ ይህን መለካት አይቻልም፤ መካኒኩ «አሁንማ ፋሻውም (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል» ቢል የሚያወዳድሩት ቁጥር የለዎትም። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የነዳጅ መርጫው ተቋርጦ፣ የጋዝ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ ሞተሪኖው ይዞራል። ደህና የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ባር ያሳያል፤ ከቁጥሩ ይልቅ ግን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል። ልዩነቱ ከ15 በመቶ መብለጥ የለበትም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። አንድ ብቻ ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይጨመርና እንደገና ይለካ፤ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፣ ባለበት ከቀረ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ ነው። የቫልቭ ችግር ቴስታታው ከወረደ አይቀር አብሮ የሚሠራ ነው። የፋሻ ችግር ግን ሞተር ሙሉ በሙሉ ማውረድ ማለት ነው፤ ሒሳቡን ሁሉ የሚገለብጠው ይህ ነው።

የዘይት ግፊትም በሜካኒካል ጌጅ ሞተሩ ሞቆ ይለካ። በየ1,000 ዙሩ 0.7 ባር ገደማ ካለ ለሻካራ መመዘኛ ይበቃል፤ ትክክለኛው የአምራቹ መመሪያ ላይ አለ። ውሃ የገባበት ዘይት ብሮንዚኖችን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸውን ኩሽኔታዎች) ይበላል፤ ብሮንዚኑ በተበላ ሞተር ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን መግጠም ደግሞ ገንዘብ መበተን ነው። የሚበላውን ዘይትም ያስታውሱ። ብዙ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ያለውን እንደ መጨረሻ ወሰን ይቆጥሩታል። እዚያ የደረሰ ሞተር ለእድሳት ተሰልፏል።

ውጤቱ ሲመጣ ብልሽቶችዎን በሦስት ዓይን ይመልከቱ። የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የማንኛውም መኪና ቀለብ ናቸው፤ አዲሷም ትጠይቃቸዋለች። እነዚህን «መኪናዋ ታስቸግራለች» በሚለው ዝርዝር ውስጥ አያስገቧቸው። የውሃ ፓምፕ፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ የጎማ ቱቦዎች፣ አሞርዛቶሪዎች ዕድሜ የሚጥላቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ በተቀራረበ ጊዜ ስለሚወድቁ ባለቤቱን ተስፋ ያስቆርጣሉ፣ ግን ቁጥራቸው የተወሰነ ነው፤ በደንብ ከተቀየሩ ለዓመታት ዝም ይላሉ። እርስዎ ከነዚህ ብዙዎቹን ከፍለው ጨርሰዋል፤ ይህ ለመጠገን የሚያደላ ነጥብ ነው። ሦስተኛው ዓይነት የአካሏ መፍረስ ነው፦ የሞተር ውስጠኛ ክፍል፣ ካምቢዮ፣ ሻንሲውን የበላ ዝገት፣ ውሃ የገባበት የኤሌክትሪክ መስመር።

ዝገቱን ራስዎ ማየት ይችላሉ። በክሪክ ብቻ አይተማመኑ፤ መኪናዋ በማንሻ ላይ ትውጣና በጎን ደረጃው ሥርና አሞርዛቶሪዎቹ በሚታሰሩባቸው ቦታዎች ላይ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ጫን ያድርጉ፤ የፍሬን ቱቦዎቹን ግን በዓይን ብቻ ይዩ። የሚቦረቦር ወይም የሚሰጥም ከሆነ ሞተሩ ወርቅ ቢሆን አይጠቅምም። ላይ ላዩን የቀላ ብረት ግን ተፍቆ የሚቀባ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። «ጥገናው ከመኪናዋ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ሽጥ» የሚለው ተለምዷዊ ደንብ ለማንቂያ ያህል ይሆናል እንጂ አይወስንም፤ የጥገናን ዋጋ ከአሮጌዋ መኪና ጋር ያወዳድራልና። የእርስዎ ምርጫ ግን በሚቀጥለው ዓመት እሷን ይዞ በመቆየትና ሌላ ይዞ በመቆየት መካከል ነው። እስካሁን የወጣው ገንዘብ በሁለቱም በኩል አይመለስም፤ ስለዚህ ከወረቀቱ ያውጡት። የሚያንገበግብ መሆኑ ልክ ነው፣ ግን ቁጥር አይሆንም።

ምሳሌ ላስቀምጥ፤ የራስዎን ቁጥሮች ይተኩበት። መኪናዋ ደህና ሆና ብትሸጥ 100 ታወጣለች እንበል። እየሞቀች ዛሬ ብትሸጥ 60። ጥገናው፣ ቴስታታው መስተካከል ስላለበት ጭምር፣ 35። ከጠገኗት ዛሬ በእሷ ላይ ያሰሩት ገንዘብ 60 ሲደመር 35፣ 95 ይሆናል፤ በዓመቱ መጨረሻ 75 ታወጣለች ብንል 20 ከሰሩ። በዓመቱ ሌላ 20 ለጥገና ይመደብ። ይዞ መቆየት 40 ፈጀ ማለት ነው። በሌላ በኩል የምትወስዷት ያገለገለች መኪና 300 ብትሆን 240 ይጨምራሉ። በዓመት 12 በመቶ ዋጋዋ ቢቀንስ 36 ነው። ያገለገለች መኪና ስትገዛ የዘይት፣ የፊልትሮ፣ የፍሬንና የቺንጋ ሥራ አይቀርም፣ 10 እንበል። የዓመቱ ጥገና 8። የስም ማዛወሪያና የኢንሹራንስ ልዩነት 6። ድምሩ 60 ነው፣ የብድር ወለዱ ሳይጨመር። መጠገኑ ቢያንስ በ20 ይረክሳል።

ታዲያ መንገድ ላይ መቅረትስ? እሱም ዋጋ አለው፣ ይቆጠር። ለማስጎተቻ፣ ለታክሲና ለቀረ የሥራ ቀን በአንድ ጊዜ 4 ቢወጣ፣ በዓመት አምስት ጊዜ ከቆመች ያ 20 ልዩነት ተበላ። ከአምስት በታች ከሆነ አሁንም መጠገን ያሸንፋል። ሌሊት የሚሠሩ፣ ሕመምተኛ የሚያመላልሱ ወይም በመኪናዋ እንጀራቸውን የሚበሉ ሰዎች ያን 4 ወደ 10 ያሳድጉት፤ ውጤቱ ይለወጣል። ኮምፕሬሽኑ ፋሻ አልቋል ብሎ ጥገናው ከ35 ወደ 110 ከወጣስ? 60 ሲደመር 110፣ በእሷ ላይ 170 አሰሩ፤ ሞተሯ የታደሰ አሮጌ መኪና ግን በዓመቱ መጨረሻ ምናልባት 80 ብታወጣ ነው፣ ገዢ የሞተር እድሳትን በሙሉ ዋጋው አይከፍልምና። 90 ከሰሩ። ያኔ ሳያመነቱ ይቀይሯት።

ከጠገኗት ሥራው በልኩ ይሠራ። ቴስታታው ሲወርድ ቀጥ ባለ ማስመሪያና በስስ መለኪያ ቅጠል መጣመሙ ይለካ፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ወሰኑ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ካለፈ ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጭ፤ ስንጥቅ እንዳለበትም ይፈተሽ። ሳይለካ አዲስ ጓርኒሲዮን ከተገጠመ ብዙ ሳይቆይ መልሶ ይበላል፤ «ቴስታታ አሠርቼ ምንም አልጠቀመኝም» የሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ እዚህ ላይ የወደቁ ናቸው። የቴስታታው ቡሎኖች ሲጠብቁ የሚለጠጡ ዓይነት ከሆኑ ዳግም አይታሰሩም፣ አዲስ ይገዛላቸው። ቴርሞስታቱ አብሮ ይቀየር። የጊዜ ቺንጋ (ቫልቮቹ በጊዜያቸው እንዲከፈቱ የሚያዞረው) ያላት ሞተር ከሆነችም ፓምፑ ሲቀየር ቺንጋውና ወጣሪው አብረው መለወጣቸውን በደረሰኙ ያረጋግጡ፤ ብዙዎቹ ከ90,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ባለው ይቀየራሉ። ፒስቶንና ቫልቭ የሚገናኙበት ሞተር ላይ ያ ቺንጋ ሲበጠስ አሁን የሚከፍሉት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ማቀዝቀዣው ተራ ውሃ ሳይሆን ከኩላንት ጋር ግማሽ በግማሽ ይሁን። አሮጌዎቹን ዕቃዎች ይቀበሉ፤ ደረሰኙ ላይ ኪሎ ሜትሩ ይጻፍ።

ለመቀየር ከወሰኑ ቴስታታውን አሠርተው አይስጡ። ሻጩ በራሱ ጋራዥ ከእርስዎ ባነሰ ዋጋ ያሠራታል፤ ያወጡት 35 በሚሰጥዎት ዋጋ ላይ ተመልሶ አይመጣም። ማጠብ፣ የተቃጠለ አምፖል መቀየር፣ የጥገና ደረሰኞችን በቀን ደርድሮ መያዝ ግን ይከፍላል። ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር የቀዳዳ መድፈኛ ዱቄት ብልሽቱን ለመሸፈን አይጠቀሙ፤ የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል፣ ገዢን ማታለልም ነው። ምርመራውን በወረቀት ይዘው ብልሽቷን ተናግረው ለግለሰብ መሸጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሻጩ የተሻለ ያስገኛል፤ ግን ጊዜና ትዕግሥት ይፈልጋል።

ሻጩ ጋ ሲሄዱ ሁለቱን ዋጋዎች ለያይተው ይነጋገሩ። መጀመሪያ የምትወስዷትን መኪና ዋጋ ይቁረጡ፣ ስለ አሮጌዋ ሳያነሱ። ከዚያ የእርስዎን ያስገምቱ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በአሮጌዋ ላይ የተጨመረልዎት በአዲሷ ላይ ተመልሶ ይወሰዳል፤ እርስዎ ግን «ጥሩ ዋጋ ሰጠኝ» ብለው ይወጣሉ። በመጨረሻ የሚቆጠረው ከኪስ የሚወጣው ልዩነት ብቻ ነው፤ ያንን ልዩነት ከሦስት ቦታ ያስገምቱ። በወር ስንት ይከፈላል የሚለው ጥያቄ ደግሞ የብድሩን ርዝመት ይደብቃል፤ ጠቅላላውን ይጠይቁ።

የምትገዛዋን መኪና ቀዝቅዛ ሳለች ሲያስነሷት ይገኙ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ካቆያት ሌላ ቀን ይመለሱ። በኮምፒውተር ሲመረመር ኮድ አለመኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ኮዱ ትናንት ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። መርማሪው የመኪናዋ ራስ ፍተሻዎች መጠናቀቃቸውን ይመልከት። ብዙዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ወይ ባትሪው ተነቅሏል ወይ ኮዱ ተሰርዟል።

እስከ ምርመራው ቀን ድረስ መርፌው ከመካከል አልፎ ሲወጣ አየር ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ይክፈቱ፣ ዳር ይዘው ይቁሙና ሞተሩን ያጥፉ። ክዳኑን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አይንኩ፤ ቱቦው በእጅ ሲጨመቅ ለስላሳ እስኪሆን ይጠብቁ። በግለት ላይ ያለ ሞተር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨምሩ፤ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀይ ከነካች በኋላ «ቤት ድረስ ትደርስልኛለች» ብለው ከነዷት ደግሞ የ35ቱን ጥገና ወደ 110 የሚያሳድገው ያ ጉዞ ሊሆን ይችላል፤ ማስጎተት ይረክሳል።